ሃንስ የተባለች ደሴት

በግሪንላንድና በካናዳዋ ኤልዝሚር ደሴት መካከል፣ ኬኔዲ በሚባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ውስጥ አንዲት ድንጋያማ ደሴት አለች። ስፋቷ 1.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው አይኖርባትም፤ ዛፍም አይበቅልባትም። በካርታ ላይ ስሟ ሃንስ ነው።

ከመተላለፊያው በስተደቡብ ያለው ባሕር በአሜሪካዊው አሳሽ በኤሊሻ ኬን፣ በስተሰሜን ያለው በቻርልስ ሆል ተሰይሟል። ሁለቱም ካርታው ላይ የሰፈሩት በቤተሰብ ስማቸው ነው። ሃንስ ግን በክርስትና ስሙ ብቻ ቀረ። ሰውን በገዛ ስሙ መጥራት ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ነውር የለበትም። በአሳሾቹ ዓለም ግን የቤተሰብ ስም የአለቃ፣ የመጀመሪያው ስም የአገልጋይ መጠሪያ ነበር።

ሃንስ ሄንድሪክ የግሪንላንድ ተወላጅ ነው፤ የኢኑይት ስሙ ሱዌርሳቅ ይባላል። ከ1853 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. በአራት የዋልታ ጉዞዎች አዳኝና የውሻ ጋሪ ነጂ ሆኖ አገልግሏል። በ1872 ፖላሪስ ከተባለችው መርከብ የተለዩ 19 ሰዎች በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ስድስት ወር ያህል ሲንሳፈፉ እሱም፣ ሚስቱም፣ ልጆቹም አብረው ነበሩ። የመጨረሻው ልጅ ገና የወራት ሕፃን ነበር። ሁሉም በሕይወት ተረፉ። ያተረፋቸውም በዋነኛነት ሃንስና ኤቢየርቢንግ የተባለው ሌላው ኢኑይት ያደኑት የአቆስጣ ሥጋ ነው።

ሃንስ የሕይወት ታሪኩን በራሱ ቋንቋ ጻፈ፤ መጽሐፉም በሂንሪክ ሪንክ ተተርጉሞ በ1878 በእንግሊዝኛ ታተመ። የአሳሾቹ መጻሕፍት በዳር የሚያነሡት ሰው በዚህኛው ተራኪው ራሱ ነው።

ደሴቷም ብትሆን ስም አልባ አልነበረችም። ኢኑይቶች ታርቱፓሉክ ይሏታል፤ ኩላሊት የመሰለች ማለት ነው። ቅርጿን አይቶ የሰየማት፣ በአጠገቧ ሲያድን የኖረ ሕዝብ ነው።

በ1973 ካናዳና ዴንማርክ የባሕር ወለል ወሰናቸውን ሲያሰምሩ መስመሩ ደሴቷ ጋ ሲደርስ ተቋረጠ፤ የማን እንደሆነች አልተስማሙምና። ከዚያ ወዲህ አንዱ ባንዲራውን ተክሎ መጠጥ ትቶ ሲሄድ ሌላው መጥቶ ባንዲራውን ይቀይር ነበር። ጋዜጦች «የዊስኪ ጦርነት» አሉት። በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ደሴቷን ለሁለት ለመክፈል ተስማሙ፤ የኢኑይቶች የአደንና የመንቀሳቀስ ነፃነትም እንዲጠበቅ ተወሰነ።

በዚህ ስምምነት ታርቱፓሉክ የሚለው ስም ወደ መንግሥታት ሰነድ ገብቷል። ሱዌርሳቅን የፈለገ ግን ዛሬም ካርታውን ትቶ መጽሐፉን መክፈት አለበት።