«ግፊት» ስለሚለው ቃል

«ግፊት» «ገፋ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ሲሆን፣ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በይፋት ቆላ «እሷ እኮ ግፊት አለባት» ሲባል የሚሰማው የደዌ ስም ሆኖ ነው፤ ነገር ግን ደምን ከልብ አስነሥቶ በደም ቅዳ የሚያስኬደው ኃይል ራሱ ግፊት ነውና፣ በማሕፀን ያለ ፅንስ እንኳ ያለ እርሱ አይኖርም። ስለዚህ «ግፊቷ ከፍ ብሏል» ብንል ቃሉን አንበድለውም።

አዋላጂቱ የእንጨት ቀንዷን በነፍሰ ጡሯ ሆድ ላይ አሳርፋ ጆሮዋን ስትጥል በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ የሚመታ ልብ ትሰማለች፤ የፅንሱን ግፊት ግን በክንድ የሚጠመጠመው መለኪያ አይደርስበትም።

በጣርማ በር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ ያለፈ መንገደኛ፣ መንገድ በጠበበ ጊዜ ማን ይቅደም የሚል ሥርዓት እንደሚያሻ ያውቃል። በፅንሱም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ምጥ በርትቶ ኦክስጅን ሲያንሰው፣ በአንገቱ ደም ቅዳ አጠገብ ያሉ ጠባቂ ሕዋሳት ወሬውን ለአንጎል ያደርሳሉ፣ አንጎልም ቬገስ በተባለው ነርቭ የልቡን ምት ያዘገያል፣ በሌሎች ነርቮች ደግሞ የእጅ የእግሩንና የአንጀቱን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ይህም ሁሉ ደሙ ለአንጎል፣ ለልብና ከኩላሊት በላይ ላሉት ዕጢዎች እንዲተርፍ ነው። ነርቭ በቅጽበት የሚደርስ መልእክተኛ ነው። ሆርሞን ግን፣ አድሬናሊንም ሆነ ቫዞፕሬሲን፣ በደም ተሳፍሮ ዘግይቶ ይመጣና ነርቭ የጀመረውን ጥበቃ ያጸናል፤ ምጡ ጋብ ብሎ ከእንግዴ ልጁ በእትብት በኩል አዲስ ኦክስጅን ሲደርስም፣ አስቀድሞ የዘገየው ልብ ወደ ፍጥነቱ ይመለሳል፣ አዋላጂቱም በቀንዷ ትሰማዋለች።