ተጓዥ ቤት በቦረና ቆላ

ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ በሚዘረጋው ቆላ፣ ቤትን ከነእንስሳቱ ይዞ መጓዝ መኪና ከመምጣቱ እጅግ የቀደመ ልማድ ነው። ቦረናዎች መንጋቸውን በሁለት ሲከፍሉ፣ የሚታለቡት ላሞች ከቤተሰቡ ጋር በ«ወራ»፣ ማለትም በመንደሩ ይቀራሉ፤ የነጠፉትና ወይፈኖቹ ግን «ፎራ» በሚባለው ሩቅ ግጦሽ ከወጣት እረኞች ጋር ይሰነብታሉ። ሌሊት የእሾህ አጥሩን ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ ነው። ድመት በአንጻሩ ከጥንት ጀምሮ አይጥ ተከትላ የእህል ጎተራን የተጠጋች እንስሳ በመሆኗ፣ ወተት ዋና ምግቡ ከሆነው ተጓዥ ይልቅ ለከተማው ባለሱቅ ትቀርባለች።

ሙሉ ቤትን ጭኖ የመሄድ ጥበብ ይበልጥ የረቀቀው በግመል አርቢዎቹ በገብራና በሶማሌ ዘንድ ነው። የሶማሌው «አቃል» ከጎበጡ እንጨቶችና ከተሸመኑ ምንጣፎች የሚሠራ ተነቃይ ቤት ሲሆን፣ የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ሴቶች ናቸው፤ ምንጣፎቹ በግመሉ ጀርባ ላይ ተነጥፈው ኮርቻ ሲሆኑ፣ እንጨቶቹ በግራና በቀኝ ታስረው ጭነቱን ያቅፋሉ፤ በላዩም ሕፃናትና ገና መራመድ ያልቻሉ ግልገሎች ይጓዛሉ። ቤቱ ራሱ መጓጓዣ የሚሆንበት ይህ ብልሃት፣ ባለሙያዎቹ ሴቶች ስለሆኑ ብቻ ከምሕንድስና ታሪክ ሊዘለል አይገባም።

በዚህ ቆላ የሞተር ተሽከርካሪ መጀመሪያ በብዛት የታየው ግን በጦርነት ነው፤ በጥር 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር በከባድ መኪናዎች ታግዞ የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ከዶሎ አቅጣጫ በመግፋት ነገሌን ያዘ። ዛሬ ደግሞ በሬና ፍየል በአይሱዙ የጭነት መኪና ተጭነው ወደ ገበያ ይሄዳሉ።