ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚደርስ ጉዳትና የሠራተኞች ካሣ ሕግ ታሪክ በእንግሊዝ አገር

ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ቢቈስል ካሣ እንዲያገኝ ሕግ ማዘዙ ዛሬ የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን ቁስሉን ለማዳን የተደረገው ኦፕራሲዮን ሌላ ጉዳት ያመጣ እንደ ሆነ፣ ይህ ሁለተኛው ጉዳት የሚቈጠረው በማን ላይ ነው? በሥራ ሰጭው ነው፣ በሐኪሙ ነው፣ ወይስ በቈሰለው ሰው በራሱ? በዚህ አጭር ጽሑፍ የእንግሊዝ አገር ሕግ ለዚህ ጥያቄ በልዩ ልዩ ጊዜ የሰጠውን መልስ እንመረምራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ካሣ በሕግ ከመታዘዙ በፊት የእንግሊዝ ሠራተኛ ዕጣ እጅግ የከፋ ነበር። በ1837 አንድ የሥጋ ነጋዴ አገልጋይ፣ ከመጠን በላይ የተጫነ ጋሪ ተሰብሮ ጭኑ ስለ ተሰበረ ጌታውን ከሰሰ፤ ዳኞቹ ግን ክሱን አልተቀበሉትም። ከዚህም ፍርድ፣ ሠራተኛ በባልንጀራው ሠራተኛ ጥፋት ቢጐዳ ጌታውን ሊጠይቅ አይችልም የሚለው ደንብ አደገ።

በዚያው ዘመን የሐኪም ቤቱም ነገር ቢሆን ከፍርድ ቤቱ የተሻለ አልነበረም። ጆሴፍ ሊስተር በግላስጎው በ1864 እና በ1866 እጅ ወይም እግር ከተቈረጠላቸው 35 በሽተኞች 16ቱ ሞተውበታል። ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጠብን ደንብ ካደረገ በኋላ፣ ከ1867 እስከ 1869 ድረስ ከ40 በሽተኞች የሞቱት 6 ብቻ ናቸው። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ የቁስል መመርቀዝ እንደ ማይቀር ዕጣ ይታይ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ግን ሊከለከል የሚችል ነገር ሆነ። ይህ ለውጥ ለሕጉም ታሪክ ትልቅ ትርጕም አለው።

ጀርመን በ1884 የአደጋ ኢንሹራንስ ሕግ ካወጣች በኋላ እንግሊዝ በ1897 የሠራተኞችን ካሣ ሕግ አወጣች። በዚህ ሕግ ሠራተኛው የጌታውን ጥፋት ማስረዳት አያስፈልገውም፤ አደጋው ከሥራው የተነሣና በሥራው ላይ ሳለ የደረሰ መሆኑን ማሳየት ብቻ ይበቃዋል። መሥራት ያልቻለ እንደ ሆነ በሳምንት የደመወዙን እኩሌታ፣ ከአንድ ፓውንድ ሳይበልጥ ያገኛል። ሕጉ በመጀመሪያ የባቡር መንገድን፣ የፋብሪካን፣ የማዕድንንና ይህን የመሳሰለውን ሥራ ብቻ ይመለከት ነበር፤ በ1906 ግን ተስፋፍቶ ከሥራ የሚመጡ አንዳንድ በሽታዎችንም ጨመረ።

የኛም ጥያቄ ወዲያውኑ ተነሣ። በ1902 እግሩን ተጐድቶ ቁስሉ ስላመረቀዘበት የሞተ ሠራተኛ ጉዳይ ለይግባኝ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤቱም፣ ሞቱ አስቀድሞ ሊገመት የሚችል ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ዋናው ነገር ሞቱ በእርግጥ ከጉዳቱ መምጣቱ ነው ሲል ፈረደ። በ1909 ደግሞ ኦፕራሲዮን ሲደረግለት በማደንዘዣው የሞተ ሠራተኛ ቤተ ሰብ ካሣ እንዲያገኝ ተፈቀደ፤ ኦፕራሲዮኑ ለጉዳቱ የሚገባ ሕክምና ነበርና።

ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ጠበበ። በ1944 የይግባኝ ፍርድ ቤት የሐኪም ቸልተኝነት አዲስ ምክንያት ሆኖ የመጀመሪያውን ጉዳት ሊያቋርጠው ይችላል አለ። በ1949 የጌቶች ምክር ቤት ከተወለደ ጀምሮ ተጨማሪ አውራ ጣት የነበረው የአንድ ማዕድን ቈፋሪ ጉዳይ ቀረበለት። ይህ ጣት በሥራ ላይ ተሰበረ፤ በኦፕራሲዮን ቢቈረጥም ሕመሙ አልለቀቀውም። ኦፕራሲዮኑ የማይገባ ነበር ተብሎ ስለ ተወሰነ፣ አምስቱ ዳኞች ሦስት ለሁለት ተከፍለው፣ ሥራ ያስፈታው ኦፕራሲዮኑ እንጂ አደጋው አይደለም ሲሉ ፈረዱ።

በኛ አስተያየት ይህ ፍርድ ሠራተኛውን ወደ 1837 መንገድ መልሶታል። ከሥራ ሰጭው ካሣ ካላገኘ የቀረው መንገድ ሐኪሙን መክሰስ ነው፤ ሐኪሙን ለመክሰስም ጥፋትን ማስረዳት አለበት። የ1897 ሕግ ሊያቀልለት የፈለገው ሸክም ይኸው አልነበረምን? ደግሞም ሐኪሙን በገዛ ደስታው አልፈለገውም፤ ጣቱ በጕድጓድ ውስጥ ባይሰበር ኖሮ ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ አይወጣም ነበር። ነገሩን ጠለቅ ብለን ብናየው ሕክምና እየተሻሻለ በሄደ መጠን፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚደርሰው ጉዳት የዕጣ ነገር መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው ስሕተት መስሎ ይታያል። እንደዚሁ የሐኪሞች ብልሃት መጨመሩ ሳይታሰብ ለሥራ ሰጭው መከላከያ ሆነለት።

የ1949 ፍርድ በተሰጠ ጊዜ የካሣው ሕግ ለአዳዲስ አደጋዎች መሥራቱን አቁሞ ነበር። በ1946 የወጣው የሥራ ጉዳት ኢንሹራንስ ሕግ ከሐምሌ 5 ቀን 1948 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሎ፣ ካሣው ሠራተኛው፣ ሥራ ሰጭውና መንግሥት ከሚያዋጡት ገንዘብ እንዲከፈል አድርጓል። በዚያው ዕለት የመንግሥት ሕክምና አገልግሎትም ተጀመረ። ምክንያትን የመመርመሩ ጥያቄ ፈጽሞ ባይጠፋም፣ ሠራተኛና ጌታ ፊት ለፊት የሚሟገቱበት ዘመን አለፈ።

ይህ ታሪክ የባዕድ አገር ብቻ አይደለም። በ2019 የወጣው የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 በሥራ ላይ ለተጐዳ ሠራተኛ የሕክምናና የኦፕራሲዮን ወጪ በአሠሪው እንዲሸፈን ያዝዛል። ወጪውን የሚሸፍን ሕግ ሕክምናው ያመጣውን ጉዳት እስከ ምን ድረስ ሊከተለው ይገባል? የሕግ ተማሪዎች ከሕክምና ተማሪዎች ጋር ተቀምጠው ሊያስቡበት የሚገባ ጥያቄ ይመስለናል።