የሌለው እንጨት

አንድ ወዳጄ የዘመኑን የጌም ኮምፒዩተር የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም በነበረው ግራጫማ ሳጥን አምሳል በተሠራ ሣጥን ውስጥ ገጥሞ ቢያሳየኝ፣ «ምን ያስመስልሃል?» ብዬ ሳቅሁበት። ላሊበላ ስደርስ ግን ሳቄን ዋጥሁት።

ነገሩ ከከተማዋ በስተሰሜን፣ በዋሻ ውስጥ ከታነጸው ከይምርሐነ ክርስቶስ ይጀምራል። ግድግዳው በአክሱም ወግ እንጨትና ድንጋይ በየረድፉ እየተነባበረ የቆመ ነው፤ እንጨቱ ግንቡን ያስራል። ቤተ አማኑኤል ግን ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የወጣ በመሆኑ የሚታሰር ግንብ የለውም። ሆኖም ጠራቢው ገባ ወጣ ያለውን ረድፍ፣ በየመስኮቱ ማዕዘን ብቅ የሚለውን የእንጨት ጫፍ ሳይቀር ከድንጋዩ አወጣው። አክሱምም ብትሆን ታላላቅ ሐውልቶቿን በርና መስኮት እንዳለው ፎቅ ቤት አድርጋ ቀርጻ ነበር።

የዛጉዌ ዙፋን በ1270 እ.ኤ.አ. ወደ ይኩኖ አምላክ ከተላለፈ ወዲህ፣ «የሰሎሞን ዘር አይደሉም» የሚለው ወቀሳ ነገሥታቱን ሲከተላቸው ኖሯል። ለእኔ ግን ያ የማያስፈልግ እንጨት መልሳቸው ይመስለኛል፤ ጥበባቸው አዲስ ቢሆንም የአክሱም ልጆች መሆናቸውን በመሮ ጽፈውታል።

አዲስ አበባ እንደተመለስሁ ወዳጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳጥኑ የአባቱን የመጀመሪያ ኮምፒዩተር እንደሚያስታውሰው የነገረኝ ያን ጊዜ ነው።