ትምህርት በሽቦና በአየር ወደ መተማ ቆላ

በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት በወደቁ ጊዜ፣ ያ ከባድ ወሬ ወደ አገሪቱ ክፍሎች የተዳረሰው በእግረኛና በፈረሰኛ ነበር። የመጀመሪያው የስልክ ሽቦ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የተዘረጋው ከዚህ በኋላ በ1880ዎቹ መጨረሻ ስለ ሆነ፣ የምዕራቡ ቆላ ገና ብዙ ዘመን መጠበቅ ነበረበት። ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ኮኪትን ስናስብ፣ ትምህርት በመሣሪያ አማካይነት ወደ ሩቅ አገር እንዴት እንደ ተላከ፣ በምንስ ላይ እንደ ቆመ መመርመር እንወዳለን።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ ጥቂት ቆይቶ ለትምህርት ቤቶችም ማገልገል ጀመረ፤ ነገር ግን ጥቅሙ ከዋና ከተማው ዙሪያ ብዙ አልራቀም። ራዲዮ የተሻለ ተጓዘ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ያለ ብዙ መሣሪያ፣ በመጽሐፍና በሰው ኃይል፣ በስተመጨረሻም በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። ዘማቹ ከፊደሉ ጋር መንደር ውስጥ ማደሩን ልብ ይሏል።

በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ተጀመረ፤ ሕዝቡም በመሣሪያው ስም «ፕላዝማ» አለው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በእንግሊዝኛ ይቀርብ ነበር። ለአስተማሪው በመግቢያና በመደምደሚያ ጥቂት ደቂቃዎች ተሰጥተውት፣ የቀረውን ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋር እያየ ያሳልፍ ነበር። ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፤ ጥቂት ይጠብቃል፤ መልሱንም ራሱ ይናገራል። መብራት ቢጠፋ ለዚያ ክፍል ብሎ የሚቆም የለም፤ መብራቱ ሲመለስ ተማሪው የሚደርሰው በዕለቱ ትምህርት ማለቂያ ላይ ነው። ሆኖም ቤተ ሙከራ ላልነበረው ትምህርት ቤት፣ የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይን ማየት ቀላል ነገር እንዳልነበረ መካድ አይገባም። የጐደለው ሥዕሉ ሳይሆን፣ ሥዕሉን አቁሞ «ገባችሁ ወይ?» የሚል ሰው ሥልጣን ነው።

ከዚያ ወዲህ የእጅ ስልክ ተስፋፋ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ ትምህርት በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞከረ። ከተሜው ልጅ የተላከለትን ጥያቄ ከስልኩ ላይ ሲያነብ፣ አንድ ስልክ ብቻ ባለበት ቤት ያለው የገበሬ ልጅ አባቱ ከእርሻ እስኪመለስ ይጠብቅ ነበር።

ለመተማ ቆላ የባሰው የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 7 ቀን በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ገቡ፤ ከእነርሱም መካከል ትምህርታቸውን አቋርጠው የመጡ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም እንደዚያው ቆየ፤ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱና የትምህርት ቤት ምትክ ይሆናል የተባለው መሥመር በአንድነት ጠፉ። ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው ትልቅ የኤሌክትሪክ መሥመር በዚሁ በመተማ በኩል ያልፋል፤ ምሰሶ በአጠገብ አለፈ ማለት ግን ክፍሉ መብራት አገኘ ማለት አይደለም።

እንግዲህ ታሪኩ እንደሚያሳየን፣ ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ ትምህርቱ የተቀመጠበት ስፍራ ይበልጣል። የአዲሱ ሥርዐተ ትምህርት መጻሕፍት ታትመው ገና ሳይዳረሱ፣ ቅጂዎቻቸው በስልክና በኮምፒዩተር ይሰራጩ ነበር። አንድ ጊዜ የወረደ መጽሐፍ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ጥፍር በምታህል የማስታወሻ ካርድ የብዙ ክፍሎች መጻሕፍት ይገባሉ፤ ከስልክ ወደ ስልክም ያለ አንዳች ክፍያ ይተላለፋሉ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከትምህርት ገበታ ለሚቀር ልጅ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ነገር አናውቅም፤ ነፋስ ላይ ከተንጠለጠለ ትምህርት፣ ኪስ ውስጥ ያለውን እንመርጣለን።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ። ይህ አሠራር ለሁሉም በተዳረሰ ጊዜ፣ የኮኪት ተማሪ ከአዲስ አበባው ጋር በአንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ ማውሱን የሚጨብጠው ግን በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከፈተናው አስቀድሞ ጣቱን የሚያለማምድበት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራና ትምህርቱን በውስጡ የያዘ መሣሪያ፣ ከሚያውቀው አንድ አስተማሪ ጋር እዚያው ኮኪት ይቀመጥለት እንላለን።