ከማታሪ ግንብ ውጭ የቀሩት ልጆች

የሆስፒታል ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሐኪሞቹና ስለ ሕንፃዎቹ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በጽኑ የአእምሮ ሕመም ታሞ ሆስፒታል በገባ ቁጥር በስተኋላው የሚቀር ቤት አለ፤ ሕመምተኛው አባት ወይም እናት ከሆነም ልጆች ይቀራሉ። እነዚህ ልጆች በማን እጅ ቀሩ? ማንስ ወደ ትምህርት ቤት ላካቸው? ይህን ጥያቄ የታሪክ ጸሐፊ እምብዛም አያነሣውም። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በናይሮቢ ከተማ የሚገኘው የማታሪ ሆስፒታል ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ስለሚሆን ባጭሩ እንመለከተዋለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ማታሪ ከከተማው ማዕከል በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ቲካ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከኢስሊ ሰፈርም ሩቅ አይደለም። ቦታው በመጀመሪያ የፈንጣጣ በሽተኞች ተለይተው የሚቀመጡበት ነበር። በ1910 የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት «የናይሮቢ የእብዶች መጠበቂያ» አደረገው፤ በ1924 ደግሞ የማታሪ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተባለ። ከስሙም ከቦታውም እንደምንረዳው፣ በመጀመሪያው ዘመን የታሰበው ከማዳን ይልቅ ከሰው መለየት ነበር። በግንቡ ውስጥም ቢሆን አውሮፓውያን፣ እስያውያንና አፍሪካውያን በዘር ተከፋፍለው ይቀመጡ ነበር።

ናይሮቢ ራሷ በ1899 ከባቡር ሐዲዱ ሥራ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቅኝ ገዥዎቹ አፍሪካዊውን ሠራተኛ እንደ ጊዜያዊ እንግዳ ይቆጥሩት ስለ ነበር፣ ይሠራለት የነበረው መኖሪያ በአብዛኛው ለብቸኛ ወንድ እንጂ ለቤተሰብ የሚበቃ አልነበረም። ሚስትና ልጆች በገጠር ይቀሩ ነበር። ስለዚህ አባት በከተማ ሳለ አእምሮው ቢታወክ፣ ጠባዩን የሚያውቅ ዘመድ አጠገቡ አይኖርም፤ ከዘመድ ይልቅ ፖሊስ ይቀድመዋል። ልጆቹ አስቀድሞም ከእርሱ ተለይተው ነበርና መታመሙን እንኳ ፈጥነው የሚሰሙበት መንገድ ጠባብ ነበር።

ከ1938 እስከ 1950 ሆስፒታሉን የመራው ሐኪም ጆን ኮሊን ካሮተርስ ይባላል። በ1947 ባሳተመው ጥናት፣ ከ1939 እስከ 1943 ወደ ማታሪ የገቡት አፍሪካውያን ቁጥር ከእንግሊዝ አገር ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ መሆኑን ገለጸ። ከቀያቸው ርቀው በሚኖሩት ዘንድ ግን መጠኑ ከፍ ያለ ነበር። በ1953 ለዓለም የጤና ድርጅት ባዘጋጀው መጽሐፍም፣ አፍሪካዊው የአንጎሉን የፊተኛ ክፍል በሚገባ አይጠቀምበትም እስከ ማለት ደረሰ። ይህ አባባል ዛሬ በሳይንስ ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

መምህራን ይህን ምሳሌ ለተማሪዎቻቸው ቢያቀርቡ ጥሩ የታሪክ ትምህርት ይሆናል። የሆስፒታል መዝገብ የሚቆጥረው ሆስፒታል የገባውን ብቻ ነው። በቀዬው የታመመው ሰው ግን በሚስቱ፣ በእናቱ፣ በወንድሞቹ እጅ ይያዝ ነበር፤ ልጆቹን አያትና አክስት ያሳድጉለት ነበር። እንግዲህ የቁጥሩ ማነስ ይበልጥ የሚያመለክተው ሸክሙን ማን እንደ ተሸከመ ነው። ይህን ስንል የቤት አያያዝ ሁልጊዜ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። በገመድና በሰንሰለት ታስሮ የኖረም አለ። ቤተሰብ ብቻውን ሲተው ፍቅር እያለው ዘዴ ያጣል።

ቤተሰቡን ከሐኪሙ ጋር ማገናኘት እንደሚቻል ግን በዚያው ዘመን ታይቷል። ከ1954 ጀምሮ ናይጄርያዊው ሐኪም ቶማስ አዴኦዬ ላምቦ በአቤኦኩታ አጠገብ በምትገኘው በአሮ፣ ሕሙማኑ ከዘመዶቻቸው ጋር በአካባቢው መንደሮች እየኖሩ እንዲታከሙ አደረገ። በ1950ዎቹ ዓመታት የወጡት አዳዲስ መድኃኒቶችም ብዙዎች ቤታቸው ሆነው እንዲታከሙ ረድተዋል።

ኬንያም በ1963 ነጻ ከወጣች በኋላ ሕጓን ቀስ በቀስ ለውጣለች። የ1989 የአእምሮ ጤና ሕግ ሕመምተኛው በገዛ ፈቃዱ ገብቶ የሚታከምበትን መንገድ ከፈተ። የ2010 ሕገ መንግሥት ማንኛውም ልጅ የወላጆቹን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። በ2022 የተሻሻለው ሕግ ደግሞ የሕመምተኛውን መብቶች ዘርዝሮ፣ ሕክምናው ወደ ኅብረተሰቡ እንዲቀርብ ለካውንቲ መንግሥታት ኀላፊነት ሰጠ። ኖርዌይ ከዚህም አንድ እርምጃ አልፋለች። ከ2010 ጀምሮ በዚያች አገር የጤና ሠራተኞች፣ በጽኑ የታመመ ሰው ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ያሉት እንደ ሆነ መጠየቅና የልጆቹን ችግር መከታተል በሕግ ግዴታቸው ሆኗል።

በአገራችንም የአእምሮ ሕክምና ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በሶዶ ወረዳ በጉራጌ ምድር ተካሂዶ በ2022 የታተመ ጥናት ግን፣ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የሠለጠኑ የአካባቢ ሠራተኞች ጽኑ ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየሄዱ ሲረዱ፣ ሕመምተኞቹ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት እንደሚችሉ አሳይቷል። የዕለት ኑሮን መምራት ለወላጅ ምን ማለት ነው? እሳት አንድዶ ልጅን ቁርስ ማብላት፣ ደብተር መግዛት፣ ለወላጆች ስብሰባ መምጣት ማለት ነው።

እዚህ ላይ የመምህሩ ድርሻ ይመጣል። አዘውትሮ የሚቀር፣ በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ዝም የሚል ተማሪ ሌሊቱን እናቱን ሲጠብቅ ያደረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሕመሙ በእርሱ ጥፋት እንዳልመጣ ከመምህሩ አፍ መስማት ያስፈልገዋል። «የእብድ ልጅ» የሚል ስድብ በግቢው እንዳይሰማ ማድረግም የመምህሩ ሥራ ነው። ምሥጢሩን ጠብቆ፣ ወላጁን በደኅናው ቀን በአክብሮት ጠርቶ «ሕመሙ ሲጠናብዎ ልጅዎን ማን ዘንድ እንላከው?» ብሎ መጠየቅና የሚታመነውን ዘመድ ወይም ጎረቤት ስም ማወቅ ይገባል። ጥያቄው ለራሱ ለወላጁ መቅረብ አለበት፤ ታመመ ተብሎ ወላጅነቱ አይሻርምና። በማታሪ የመጀመሪያ ዘመን ያልተጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር።