የቅየሳ መነሻ ጣቢያ ትክክለኛ መገኛ የሚታወቅበት መንገድ
በምሥራቅ ጎጃም ዞን ጎዛምን ወረዳ የሚገኘው አዲስና ጉሊት ቀበሌ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የገጠር መሬት ይዞታ በዘመናዊ መሣሪያ ከተለካባቸው የአማራ ክልል የሙከራ ቀበሌዎች አንዱ ነው። በጂፒኤስና በመሰል ሳተላይቶች በሚካሄድ ቅየሳ አንዱ መቀበያ በመነሻ ጣቢያነት ይተከላል፤ ሌላው ከማሳ ማሳ ይዘዋወራል። የመነሻ ጣቢያው መገኛ በ1 ሜትር ከተዛባ፣ ከእርሱ ተነሥተው የተለኩ ወሰኖች በሙሉ በዚያው መጠን ይዛባሉ።

በአቅራቢያው አስተማማኝ የመቆጣጠሪያ ነጥብ ከሌለ የአውስትራሊያው ኦስፖስና የካናዳው ሲኤስአርኤስ ፒፒፒ መገኛውን በኢንተርኔት በነጻ ያሰላሉ። ባለሙያው በባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ መቀበያ የሰበሰበውን መረጃ ራይኔክስ በተሰኘው ቅርጽ ይልካል፤ ውጤቱም በኢሜይል ይደርሰዋል። ኦስፖስ የ1 ሰዓት መረጃ ቢቀበልም 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የአንቴናው ከፍታ በስህተት ከተሞላ ግን ረጅም ልኬትም አያድነውም፤ ስህተቱ በቀጥታ ወደ ከፍታው ውጤት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የማጣቀሻ ሥርዓቱ ነው። አገልግሎቶቹ ውጤቱን የሚሰጡት አይቲአርኤፍ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ሲሆን፣ የአገሪቱ የቀድሞ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ100 ሜትር ስለሚበልጥ፣ ሳይለወጡ ከተቀላቀሉ የአንዱ አርሶ አደር ማሳ በሌላው ላይ ያርፋል። የጎጃም ደጋ ያለበት የመሬት ቅርፊትም በዓመት ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚንቀሳቀስ፣ ልኬቱ የተወሰደበት ቀን ከመገኛው ጋር በመዝገብ ሊሰፍር ይገባል።